ሰው እንደ ዛፍ ሲታይ

ቅዱሳን ሰላም ለናንተ ይሁን። ዛሬ ማርቆስ 8፡22-26 ላይ ያለውን የቤተሳይዳውን ዓይነ ስውር ነው ማካፍላችሁ፣ ግን መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት ከጀመረኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ውሃ ልቀዳ ስል ሁለት ብርጭቆ አያለሁ፣ አንዱን እመርጥና ውሃው ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ደረጃ ስወርድ የቱ ነው እውነተኛው እያልኩ በእግሬ እዳብሳለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማነበውም አንድ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ነው።

እና ለሰው ምን እያልኩ ነበር? "ተፈውሻለሁ በኢየሱስ ስም!" አሜን ይሉኛል፣ ቤት ስደርስ ግን አሁንም ሁለት በር ነው ሚጠብቀኝ። ሐኪም ጋ ያልሄድኩትም፣ ከሄድኩ የመሰከርኩትን ያፈረስኩ መስሎኝ ነው።

ያ ሰውዬ ግን ጌታ ምን ታያለህ ሲለው ምን አለ? ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ አያለሁ ነው ያለው። አስቡት እስቲ፣ እጁን የጫነበት ራሱ ጌታ ነው፣ እሱ ግን ጥርት ብሎ ታየኝ ብሎ አልሸነገለውም፣ ጌታም እምነትህ ጎደለ ብሎ አልተቆጣውም፣ ድጋሚ እጁን ጫነበት እንጂ። እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት፣ ስንቴ አንብቤው እንዳለፍኩት እግዜር ይወቀው። ንጉሥ ሕዝቅያስም (2ኛ ነገሥት 20) ታሞ ሳለ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ቃል ከመጣለት በኋላ ነው እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ የተደረገለት።

ደሞ ይሄን እወቁ፣ አንድ ዓይን ሲሸፈን ሁለትነቱ ከጠፋ ሁለቱ ዓይኖች አብረው እየዞሩ አይደለም ማለት ነው፣ ችግሩ ዓይንን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች (በእያንዳንዱ ዓይን 6 ናቸው) ወይ ከነርቫቸው ሊሆን ይችላል፣ ስኳርና ደም ግፊትም ያመጡታል። ተሸፍኖም ካልጠፋ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዛው ዓይኑ ላይ ነው፣ የዓይን ሞራ ምናምን። አንዳንዱ በወራት ውስጥ በራሱ ይተዋል፣ አንዳንዱ ፕሪዝም ያለው (ሁለቱን ምስል አንድ ላይ የሚያመጣ) መነጽር ወይ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል፣ የቱ እንደሆነ ሳይመረመር አይታወቅም። ድንገት ጀምሮ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የእጅ እግር መዛል ወይ የአፍ መተሳሰር ካለው ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል፣ ጸሎቱን መንገድ ላይ ጸልዩ።

እኔ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ይሄንንም አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጻፍኩት፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ። ጸልዩልኝ።