በቅሎ አይደለም! ስለ ድቅል አምባዛ የሰለቹኝ ወሬዎች

ሐዋሳ ውስጥ አኳሪየም ስገጥምና ስጠግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ ድቅል አምባዛ ያነታረከኝ ዓሣ የለም። (ዲቃላ የሚሉትም አሉ፤ ቃሉ ለዓሣም ቢሆን አይጥመኝም።) ደንበኛው ስልኩን ያወጣል፣ ጭጋግ የመሰለ ፎቶ ያሳየኛል፣ «ጋሼ፣ ይህ የምን ዝርያ ነው?» ይላል። መልሴን ሲሰማ ግን ፊቱ ይቀየራል።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

አምባዛ ገንዳ ያጸዳል ይባላል። አያጸዳም፤ ይጸዳዳል። ከላይ የወረደለትን ምግብ ከሌሎቹ ይበልጥ ይበላል፣ ከሌሎቹም ይበልጥ ያቆሽሻል።

ጢሙ ይናደፋል የሚሉም አሉ። ጢሙ መዳሰሻውና መቅመሻው ነው። ሲኖዶንቲስ በሚባሉት የአኳሪየም አምባዞች ላይ የሚወጋው ከጎንና ከጀርባ ክንፎቹ ፊት ያለው እሾህ ነው፤ ሲደነግጥ ገትሮ ይቆልፈዋል። አንዱን ከመረብ ለማላቀቅ መረቡን ክር በክር በመቀስ ስቆርጥ አምሽቼ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ የማወጣው በፕላስቲክ ጆግ ነው። ከውሃ ሲወጣ «ጢቅ ጢቅ» ማለቱም የሕመም ምልክት አይደለም፤ የእሾሁ ሥር ከአጥንቱ ጋር ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው።

«አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ መብራት ቢጠፋም አይሞትም» ለሚሉት አልፈርድባቸውም። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ከጀልባ ከወረደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲላወስ አይተውታል። የሐይቃችን አምባዛ፣ ክላሪያስ ጋሪፒነስ፣ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት አካል አለው። ለአኳሪየም የሚሸጡት ባለ ነጠብጣብ ሲኖዶንቲሶች ግን ይህ አካል የላቸውም። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው በአፈ ሰፊ ዕቃ አሳድሩት፤ በብርድ ወራት ማሞቂያ አትንፈጉ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አትፈግፍጉት፤ ውሃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት!

ወደ ዝርያ መለየት ስንመጣ ሁሉም ሰው ሊቅ ነው። ነጠብጣቡን ከኢንተርኔት ፎቶ ጋር ያስተያይና ይፈርዳል። ሲኖዶንቲስ ዩፕቴረስ ትንሽ ሳለ ዝንጉርጉር መረብ የለበሰ ይመስላል፤ ሲያድግ ነጠብጣብ ብቻ ይቀረዋል። ይህን ያየ ባለቤት «ተታለልኩ፣ ድቅል ነው» ብሎ ይመጣል። እውነተኛውን ድቅል በብርቅዬ ስም በውድ የገዛው ደግሞ ደስ ብሎት ቤቱ ይቀመጣል።

ድቅሎቹ የሚሠሩት በማራቢያ ነው። ሴቷ ሆርሞን ትወጋለች፣ እንቁላሏ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፣ የሌላ ዝርያ ወንድ ዘር ይደባለቅበታል። በዚህ መንገድ የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሣና የሌላ ወንዝ ዓሣ፣ በተፈጥሮ ሊተያዩ የማይችሉ፣ ወላጆች ይሆናሉ። እኔ ከነጠብጣቡ በፊት የላይኛውን ጢም ሥር፣ የታችኛው ጢም እንዴት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ፣ ከጎን ክንፉ በላይ ወደ ኋላ የሚዘልቀውን የትከሻ አጥንት ቅርጽ አያለሁ። የታንጋኒካው ሲኖዶንቲስ መልቲፐንክታተስ ትልልቅ ዓይኖችና ነጭ ጠርዝ ያላቸው ጥቋቁር ክንፎች አሉት። ጠርዙ ደብዝዞ፣ ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ተዋህዶ ካየሁ እጠረጥራለሁ። እጠረጥራለሁ እንጂ አልምልም፤ በፎቶ ብቻ የሁለት ወላጆችን ስም የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ያዙ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ሻጩን «አባቱ ምንድን ነው?» ስለው «ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ።

በቅሎ ካነሳሁ አይቀር፣ ደሜን የሚያፈላው ይህኛው ነው፦ «ድቅል ስለሆነ እንደ በቅሎ መካን ነው።» ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ በቅሎ ላይ 63 ይሆንና ጥንድ ጥንዱን መግጠም ይቸግራል። ይህ የበቅሎ ጉዳይ ነው። ተቀራራቢ የዓሣ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ግን ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ ይራባሉ። የክላሪያስና የሄቴሮብራንከስ (የክላሪያስ ዘመድ የሆነ ሌላ አምባዛ ነው) ድቅል፣ በናይጄሪያ በሰፊው የሚረባው፣ መውለድ ይችላል። በታይላንድ የእኛው የአምባዛ ዝርያ ከአገሬው ክላሪያስ ጋር ተዳቅሎ ሲረባ ኖሮ፣ ከኩሬ ያመለጠው የዘር ውርሱን ወደ አገሬው ዓሣ አስገብቷል።

አንድ ቀን ማለዳ ከአቶቴ አንድ ጎልማሳ ባልዲ ይዞ መጣ። ዓሣውን የጣት ርዝመት እያለ ነበር የገዛው። «በገንዳው ልክ ነው የሚያድገው» ተብሎ በመቶ ሊትር ገንዳ አስቀመጠው። የትኛውም ዓሣ ገንዳውን ለክቶ አያድግም፤ መጥፎ ውሃ ውስጥ ይቀጭጫል ወይም ይሞታል፤ አምባዛ ከሆነ ደግሞ ያድግና መዞሪያ ያጣል። ይኼኛው ክንድ ሙሉ ሆኖ ባልዲው ውስጥ ተጠቅልሏል።

«ሐይቁ ውስጥ ልለቀው እየሄድኩ ነው። ድቅል ነው፣ አይወልድም።»

ባልዲው ላይ አጎነበስኩ። የሐይቃችን አምባዛ የጀርባ ክንፍ ሳይቋረጥ እስከ ጅራት ይሄዳል። የዚህኛው መንገድ ላይ አቁሟል፤ ከኋላው አውራ ጣት የምታክል፣ ስትነካ የምትለሰልስ የሥብ ክንፍ አለች። ያቺ የሄቴሮብራንከስ ውርስ ናት።

«ወንድሜ፣ ሐይቁ በወንዝ የሚወጣበት መፍሰሻ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል። ዘመዶቹ ደግሞ እዚያ ሞልተዋል» አልኩት። አላመነኝም። ባልዲውን ግን ትቶልኝ ሄደ።

አሁን ጓሮዬ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። በዝናብ ሌሊት ወጥቶ ጎመን መደቡ ውስጥ ካገኘሁት ወዲህ ክዳኑ ላይ ሁለት ድንጋይ ጭኛለሁ። ሰውየው አልፎ አልፎ ይደውላል።

«ጋሼ፣ እስካሁን አልወለደም አይደል?»

«ብቻውን ነው» እለዋለሁ።