ሳሙልኖሪ ወይስ ፑንግሙል?

የኮሪያ ከበሮ ያየ ሁሉ «ሳሙልኖሪ ነው» ይላል። ቆይ፣ ሁሉም አይደለም። ቆባቸው ላይ የታሰረ ረጅም ነጭ ጥብጣብ እያሽከረከሩ ሜዳ ላይ የሚጨፍሩት ፑንግሙል ነው፤ የገበሬዎች የቆየ ጨዋታ። ሳሙልኖሪ ግን ገና በ1978 እ.ኤ.አ. ሴኡል ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተጀመረ። ከበሮ መቺው ኪም ዶክሱና ጓደኞቹ የፑንግሙልን ምት መድረክ ላይ አወጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ተብሎ ነው የሚመታው።

የሳሙልኖሪ ትርጉም «የአራት ነገሮች ጨዋታ» ነው፤ ነገሮቹ አራቱ መሣሪያዎች ናቸው። ጃንጉ ወገቡ ቀጠን ያለ ከበሮ ነው፤ አንዱ ጎኑ በስስ ቀርከሃ፣ ሌላው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ዱላ ይመታል። ድምፁን ዝናብ ነው ይሉታል። ቡክ የሚባለው ከበሮ ደመና፣ ጂንግ የተባለው፣ በዱላ የሚመታው ትልቅ የነሐስ ሳህን ነፋስ ነው። መብረቋ ክዌንጋሪ የምትባለው ትንሿ የነሐስ ሳህን ናት። ጆሮ ትበጣለች፣ ግን የምትመራው እሷ ናት።