የፕሮሰሰር ጀነሬሽን ምንድን ነው? አይ7 ማለት ሰባተኛ ማለት አይደለም

"ኮር አይ7 ነው፣ ሰባተኛ ጀነሬሽን።" እንዲህ ተብሎ የሚመጣልኝ ላፕቶፕ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ የሰለቸኝ ወሬ የለም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ጭራሽ "አይ7 ማለት ሰባት ኮር ነው" ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። ወንድሜ፣ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፤ አይ7-7500ዩ የሚባለው እኮ ያለው ሁለት ኮር ነው!

ፕሮሰሰር ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያሰላው የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው። ኮር አይ3፣ አይ5 እና አይ7 ደግሞ ኢንቴል የተባለው አምራች ለፕሮሰሰሮቹ ያወጣቸው ስሞች ናቸው።

3፣ 5 እና 7 ማዕረግ ናቸው። እንደ ጦር ሠራዊት እዩት፦ አይ3 አሥር አለቃ፣ አይ5 ሃምሳ አለቃ፣ አይ7 መቶ አለቃ። መቶ አለቃ አይቶ "መቶ ዓመቱ ነው" የሚል ሰው የለም። ጀነሬሽን ደግሞ ፕሮሰሰሩ የተሠራበት ትውልድ፣ በጦሩ ቋንቋ የሠለጠነበት ዙር ነው፤ ዙሩ ሲቀየር መሣሪያውም ይቀየራል። ውጅግራ የያዘ መቶ አለቃ ክላሽ ከያዘ ሃምሳ አለቃ ጋር ይገጥማል? አይ7-7500ዩ በፈረንጆቹ 2016 ወጣ፣ በዓመቱ የመጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር ይዞ መጣ። ማዕረግ የሚወዳደረው በአንድ ዙር ውስጥ ነው፣ ያውም ሁሌ አይደለም።

ከጀነሬሽን ጋር የሚምታታው የፕሮሰሰር ቤተሰብ ደግሞ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ የሚሰማው ሠራዊት በሙሉ ነው። በ1978 ለወጣው 8086 ለተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የተጻፈውን ትዕዛዝ የዛሬዎቹም ይሰማሉ። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲም እዚያው ሰፈር ነው። እንዲያውም የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን የ64 ቢት ትዕዛዝ ቀድሞ ያወጣው እሱ ነው፣ ኢንቴል ተከተለው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኤአርኤም የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ግን ሌላ ጦር ነው፣ ቋንቋውም ሌላ።

እውነት ለመናገር ለስህተቱ ሰበብ አለው። ድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ ቁጥር ነበር፣ ቁጥሩም ራሱ ትውልዱን ይነግር ነበር፦ 286 በ1982፣ 386 በ1985፣ 486 በ1989። ከዚያ የአሜሪካ ፍርድ ቤት "ቁጥር የንግድ ምልክት አይሆንም" ሲል ኢንቴል በ1993 ፔንቲየም ብሎ ስም አወጣ። ቁጥሩ በአይ3፣ አይ5 እና አይ7 ተመልሶ ሲመጣ ሥራው ሌላ ሆነ። ደግሞ አይ7 የመጣው በ2008 ነው፣ አይ5 በ2009፣ አይ3 በ2010። ቁጥሩ ዙር ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው ከሦስተኛው ቀድሞ ይወለድ ነበር?

ጀነሬሽኑን ከፈለጋችሁ ከሰረዙ በኋላ ያለውን እዩ። 7500 ከሆነ 7ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ። በ1 ከጀመረ ሁለቱን አሃዝ ውሰዱ፤ 10510 10ኛ ነው፣ 1135 ደግሞ 11ኛ። እንደ 920 ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው የመጀመሪያው ነው፣ "አይ7" ተብሎ ዋጋ ቢቆለልበትም። ሻጩ ሙሉ ቁጥሩን ካልነገራችሁ ማይ ኮምፒውተር (በአዲሱ ዊንዶውስ ዲስ ፒሲ) ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ካሰባችሁ ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ወዲህ ያለውን ነው።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችው "ዩ" ባትሪ ቆጣቢ ማለት ናት፣ ጉልበት አትጠብቁባት። 12ኛ ጀነሬሽንም ቢሆን አራት ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከያዘ ይንቀራፈፋል፤ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) የገባለት 6ኛ ቶሎ ይነሳል። አቧራ ፋኑን ከዘጋው ደግሞ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የኛን ሰፈር አቧራ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ "ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው፣ ፕሮሰሰር ቀይርልኝ" ከማለታችሁ በፊት አስጠርጉት። የአብዛኛው ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንኳን እኔ ማንም በቀላሉ አይቀይርላችሁም።