የምርምር ፕሮፖዛል ምንድን ነው? ውጤትን ቀድሞ መጻፍ ግን አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ለፒኤችዲ ስታመለክቱ የምታገኙትን ውጤት ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ አስቀምጡ፣ አለዚያ አይቀበሏችሁም» ብሎ ሲመክር አየሁ። ከሥሩ ምስጋናው ለጉድ ነው። ስንቱን ጎበዝ አመልካች እንደሚያሳስት ሳስብ ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ውጤቱ ከታወቀ ምርምሩ ለምን ያስፈልጋል?

ፕሮፖዛል ማለት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያቀርበው ዕቅድ ነው በሉት። ቆፋሪው ውሃ አወጣለሁ ብሎ አይምልም። የት እንደሚቆፍር፣ ለምን እዚያ እንደመረጠ፣ በምን መሣሪያ እስከ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ነው የሚናገረው። ከእሱ በፊት በአካባቢው የቆፈሩት ምን እንዳጋጠማቸውም ጠይቆ መጥቷል፤ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት የምንለው ክፍል ይኸው ነው። ደረቅ ቢሆን እንኳ በወጉ የተቆፈረ ጉድጓድ ለቀጣዩ ቆፋሪ መረጃ ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ» ብቻ ብሎ ለመጣ ሰው ግን መሣሪያ የሚያውስ የለም።

«ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ልክ እንደዚያ ነው። ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስልካቸውን ከመኝታ ክፍል ውጭ ቢያሳድሩ የእንቅልፍ ሰዓታቸው ይጨምራል?» ሲባል ግን ማንን እንደምታጠኑ፣ ምኑን ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ወዲያው ይታያል። «ይጨምራል ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም...» ማለትም ይቻላል። እሱ መላምት ነው። ውጤት የሚሆነው ከተፈተነ በኋላ ነው፤ ፕሮፖዛሉም ግምታችሁ ስህተት ቢሆን በምን እንደምታውቁት ማሳየት አለበት።

እንቅልፉን በምን ትለካላችሁ? የሕዝብ ጤና ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ሰው ስንት ሰዓት እንደተኛ ሲጠየቅ የሚናገረው፣ እጅ ላይ የሚታሰር መለኪያ ከሚያሳየው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። መጠይቅ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ድክመቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ጻፉት። ሌላው ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ነው። ሰዎችን የሚያሳትፍ እንዲህ ያለ ጥናት ያለ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብ አይጀምርም፣ ፈቃዱም ወራት ሊወስድ ስለሚችል የጊዜ ሰሌዳችሁ ላይ ቦታ ይኑረው።

«ፕሮፖዛል አንዴ ከገባ አይቀየርም» የሚሉም አሉ። ይቀየራል። በብዙ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ወይም ትንሽ ቆይቶ ሥራው ተገምግሞ ነው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ የሚያልፈው፤ እስከዚያ ጥያቄው መጥበቡ ያለ ነገር ነው። ገምጋሚው ፕሮፖዛሉን ሲያነብ የሚፈልገው ይህ ሰው ማሰብ ይችላል ወይ፣ ሥራውስ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያልቃል ወይ፣ እኛ ዘንድ ሊያማክረው የሚችል አለ ወይ የሚለውን ነው።

ሁሉም ቦታ ፕሮፖዛል ይጠየቃል ማለትም አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት የዓላማ መግለጫ ነው፤ ማለትም ምን ማጥናት እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ የምትገልጹበት ጽሑፍ። በላቦራቶሪ ሳይንስ ደግሞ ፕሮጀክቱ ከነገንዘቡ ተዘጋጅቶ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ከመሄድ ይልቅ ለዚያ ሥራ ለምን እንደምትመጥኑ ጻፉ።