ከአይጥ ወደ ሰው፦ የመድኃኒት ሙከራን አዳጋች መንገድ የሚሸፍነው የመንግሥት ገንዘብ

አንድ ሞለኪውል በአይጥ ላይ ዕጢ ሲያጠፋ ዜና ይሆናል። ወደ ሰው ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ለመሠረታዊ ምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት ግኝቱ ከተገኘ ሥራቸው እንዳለቀ ይቆጥሩታል። ባለሀብቶች ደግሞ መጀመሪያ ሰው ላይ ተሞክሮ ይምጣ ይላሉ። ባለሙያዎቹ ይህን ክፍተት «የሞት ሸለቆ» ይሉታል። የመንግሥት ድጋፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ ብዙም አያጓጓም። በቤተ ሙከራ በሚሊግራም የተሠራው ነገር በጥብቅ የጥራት ቁጥጥር በብዛት መመረት አለበት። ከዚያ የመርዛማነት ጥናት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓይነት እንስሳት ላይ ይካሄዳል፤ አንዱ ከአይጥ ወገን፣ ሌላው ውሻ ወይም ጦጣ። ደም ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? ጉበት ምን ያደርገዋል? መደርደሪያ ላይ ይበላሻል ወይ? ይህ ሁሉ ተሰንዶ ለተቆጣጣሪው ይቀርባል። አሜሪካ ውስጥ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ማመልከቻው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካላገደው ሙከራው ሊጀመር ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ለተመራማሪ ስም አያስገኝም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ባይጓጉለት አይገርምም።

የድጋፉ መልክ እንደየአገሩ ይለያያል (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። አሜሪካ በ1982 የጀመረችው ፕሮግራም ለትናንሽ ኩባንያዎች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹ አክሲዮን አይጠይቅም። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ኤንአይኤች፣ በ2011 ለዚሁ ሽግግር ብቻ የሚሠራ ማዕከል አቋቋመ። ብሪታንያ በ2012 ባዮሜዲካል ካታሊስት የተባለውን ፈንድ ከፈተች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች፤ መራጮች በ2004 ለስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ለሚችል ሴል) ምርምር የ3 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2020 ደግሞ የ5.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቁ። በእኔ ግምት ብልሁ መንገድ ግን ከገንዘብ ይልቅ አገልግሎት መስጠት ነው። ኤንአይኤች አንዳንድ ጊዜ ለተመራማሪው ቼክ አይጽፍም፤ የመርዛማነት ጥናቱን ራሱ በኮንትራት ያሠራለታል። ተመራማሪው የማያውቀውን ሥራ እየተማረ ገንዘብ አያባክንም።

ገንዘብ በሚሰጥበትም ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአንዴ አይለቀቅም። ለየምዕራፉ የተቀመጠውን ግብ ያሳካ ይቀጥላል፣ ያላሳካ ይቆማል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት መድኃኒቶች ገበያ የሚደርሰው ከአሥሩ አንድ ገደማ ብቻ ነው።

ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። በ1962 የአሜሪካ መንግሥት ባስጀመረው የዕፅዋት ፍለጋ ከምዕራብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ተሰበሰበ። ንጥረ ነገሩ የካንሰር ሴል ይገድላል፤ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ለደም ሥር እንዲመች ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሟያ ተዘጋጀ። በሰው ላይ መሞከር የተጀመረው በ1984 ነው፤ ከባድ አለርጂ በመከሰቱ ሥራው ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። የመድኃኒት ኩባንያው ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ስምምነት ፈርሞ የገባው በ1991 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በ1992 ለእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ተፈቀደ። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ በ2003 እንዳወጣው፣ ኤንአይኤች እስከ 2002 ድረስ ከታክሶል ጋር ለተያያዘ ምርምር 484 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የኩባንያው የታክሶል ሽያጭ ከ9 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ለኤንአይኤች የደረሰው ሮያልቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚከፈል ድርሻ፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እንግዲህ ግብር ከፋዩ አንዴ ለምርምሩ፣ አንዴ ለመድኃኒቱ ይከፍላል የሚለው ወቀሳ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኤንአይኤች በ1989 ከኩባንያዎች ጋር በሚፈርመው ውል ላይ ዋጋው ተመጣጣኝ ይሁን የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። ኩባንያዎቹ አብረው መሥራቱን ሸሹ ተብሎ በ1995 ተሰረዘ። ካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በስቴቱ ገንዘብ የተሠራ መድኃኒት ገበያ ከወጣ ከገቢው ድርሻ ይከፈላል፤ የጤና መድን የሌላቸው ነዋሪዎች መድኃኒቱን የሚያገኙበት ዕቅድም እንዲቀርብ ይጠየቃል።