የፋይበር ጀልባ ቆዳ፦ ጄልኮት እና ጥገናው

ጄልኮት የፋይበርግላስ ጀልባ የውጪ ቆዳ ነው። ያ የሚያብለጨልጨው፣ ሲዳሰስ እንደ ሲኒ የሚለሰልሰው ክፍል ማለት ነው። ብዙ ሰው ቀለም ይመስለዋል። ቀለም ግን የሚቀባው ተሠርቶ ባለቀ ዕቃ ላይ ነው። ጄልኮት የሚረጨው ጀልባው ገና ሳይኖር ነው።

መጀመሪያ ሞልዱ፣ ማለትም የጀልባው ቅርጽ ማውጫ፣ በሰም ይታሻል። ከዚያ ጄልኮቱ ይረጭበታል። ከጀርባው የመስታወት ክር ምንጣፍ እየተነጠፈ፣ ሬዚን የሚባለውን የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ እየጠጣ ይደራረባል። ሲጠነክር ሁሉም አንድ ላይ ከሞልዱ ይላቀቃል። ከልስኑ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው የሚሠራ ቤት ብላችሁ አስቡት። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጣም ከሳሳ በደንብ አይጠነክርም፣ ይጨማደዳል። በጣም ከወፈረ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ስለሚቸግር ነው ይህ የተሰናዳው። በእጅ ያሉት ምንጮች አብዛኞቹ የአሜሪካ ናቸውና ታሪኩም ወደዚያው ያጋድላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጣ

ነገሩ የሚጀምረው ኦሃዮ ውስጥ ካለችው የቶሊዶ ከተማ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም። በ1938 ኦዌንስ ኢሊኖይ እና ኮርኒንግ የተባሉት የመስታወት ኩባንያዎች ተጣምረው ኦዌንስ ኮርኒንግ ፋይበርግላስን መሠረቱ። ቀጭን የመስታወት ክር በብዛት ማምረት ተቻለ። ፖሊስተር ሬዚኑም በዚያው በ1930ዎቹ ተገኘ፤ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ካርልተን ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሩና ሬዚኑ ተጋብተው የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ሆኑ። ራዳሩ አሻግሮ እንዲያይ ብረት ያልሆነ ጠንካራ ነገር ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያውን የፋይበር ጀልባ ማን ሠራ በሚለው ላይ ሁሉም አይስማማም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሬይ ግሪን የተባለ የቶሊዶ ሰው ነው። በ1942 ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ሠራ ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ነገሩ ተስፋፋ። በ1953 ሸቭሮሌት ኮርቬት የምትባለው መኪና በፋይበር አካል ወጣች፤ ይህን ማቴሪያል ከጋራዥ ወደ ሳሎን ወሬ ያመጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ለጀልባ ዓለም ትልቁ ዓመት 1959 ነው። ክሊንተን እና ኤቨረት ፒርሰን የተባሉ የአጎት ልጆች፣ የሮድ አይላንድ ሰዎች፣ ትራይተን የምትባል 8 ሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ይዘው ኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀረቡ። ንድፏን ያወጣው ካርል አልበርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ 700 ገደማ ትራይተኖች ተሠሩ። አንዳንዶቹ ዛሬም ይቀዝፋሉ። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ማቴሪያሉን ገና ስላላመኑት ቀፎውን፣ ማለትም የጀልባውን ገላ፣ አወፈሩት፤ ባለማመናቸው ነው እነዚህ ጀልባዎች ረጅም ዕድሜ ያገኙት። በአውሮፓም በዚያው ሰሞን ፋይበር እንጨትን ማፈናቀል ጀመረ። በ1970ዎቹ እንግሊዞች ዊልተን የምትባል የፋይበር የጦር መርከብ እስከ መሥራት ደረሱ።

የሚያገኘው ጉዳት

ጄልኮትን መጀመሪያ የሚያጠቃው ፀሐይ ነው። መልኩ ይፈዛል። እጅ ሲያብሰው እንደ ጠመኔ ዱቄት ይራገፋል። ይህ የላይ ላዩን ነው፣ ኮምፓውንድ በሚባለው ማለስለሻ ቅባትና በሰም ይመለሳል። ጭረትም እንደዚያው ነው፣ ካልጠለቀ።

መሸረፍ ሌላ ነው። ሲኒ ጠርዙ ላይ እንደሚሸረፈው፣ ጄልኮትም ወደብ ሲገጭ ወይም መልሕቅ ሲወድቅበት ይቦደሳል። አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ይሸረፋል። ጥግ ጥጉ ላይ ገና ሲሠራ አየር ታፍኖ ይቀራል። ከላይ ያለው ቆዳ ባዶ ላይ ስለተንጠለጠለ በአውራ ጣት ቢጫን ይሰበራል። የሠሪው ጥፋት ነው፣ ባለቤቱ ግን ለዓመታት ራሱን ሲወቅስ ይኖራል።

የሸረሪት ድር የሚመስለው ስንጥቅ ሊነበብ የሚችል ነገር ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ጨረር ከተበተነ የሆነ ነገር መትቶታል። ጎን ለጎን በመስመር ከሄደ እዚያ ቦታ ቀፎው ይተጣጠፋል ማለት ነው። የብረት ምሰሶ እግር ከብቦ ከታየ ምሰሶው ወለሉን እየገዘገዘው ነው። ምክንያቱ ሳይስተካከል ስንጥቁ ብቻ ቢደፈን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይመለሳል።

ዋናው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የተጎዳው ቆዳው ነው ወይስ አጥንቱ፣ ማለትም ከሥሩ ያለው የምንጣፍና የሬዚን ድርብርብ? ልምድ ያለው ጠጋኝ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳቱ በፊት በሳንቲም ወይም በመዶሻ እጀታ ቀፎውን ኳ ኳ ያደርጋል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጥ ውስጡን የተላቀቀው ታፍኖ ይሰማል፣ እንደ ደረቀ ቅል ሳይሆን እንደ እርጥብ ካርቶን። እርጥበት መለኪያ መሣሪያ አለ። ጥሩ ነው። ጆሮን ግን አይተካም።

ውሃ ሲቋጥር

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ብዙ የተጻፈውም ብዙ የተጣላውም በዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙ ጀልባዎች ከውሃ መስመር በታች እንደ ተቃጠለ እጅ ውሃ መቋጠር ጀመሩ። ከምስር ፍሬ እስከ መዳፍ የሚያክል እብጠት። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሮድ አይላንድ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ድጋፍ ጉዳዩን በ1980ዎቹ አጠኑት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጄልኮት ውሃ አያፈስም፣ ግን ውሃን ጨርሶ አይከለክልም። ትነቱ በጣም ቀስ ብሎ ያልፋል። ውስጥ ገብቶ በውሃ የሚሟሟ ነገር ያገኛል፤ በደንብ ያልተዋሐደ የሬዚን ትርፍ ወይም ምንጣፉን ያያያዘው ሙጫ ሊሆን ይችላል። ያ ነገር ሟሙቶ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ወፍራሙ ቀጭኑን ውሃ ከውጪ ይስባል። ግፊቱ እየጨመረ ቆዳውን ያነሳዋል። እብጠቱ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። አንዳንዴ ፊት ላይ ይፈናጠራል፣ መነጽር ሳያደርጉ አይወጋም።

ጨው ያለው የባሕር ውሃ ራሱ ወፍራም ስለሆነ የመሳብ ልዩነቱ ያንሳል። ጨው የሌለው ሐይቅ ላይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሰው በተቃራኒው ያስባል፤ ባሕር ይበላል፣ ሐይቅ ይምራል ይላል። ለብረት ልክ ነው። ለፋይበር አይደለም።

የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ የሬዚኑን ጥራት አበላሸው የሚሉ አሉ። ሌሎች ጥድፊያውን ይከሳሉ። አከራካሪ ነው። ሠሪዎች በኋላ ከጄልኮቱ ጀርባ ቪኒል ኤስተር የተባለውን ውሃ የሚችል ሬዚን መጠቀም ሲጀምሩ ችግሩ በጣም ቀነሰ። ጥቂት እብጠት ያለበት ጀልባ አይሰምጥም። ቆዳው በሙሉ ይላጥ የሚል ባለሙያ ሲመጣ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ይገባል።

ጥገናው

መጀመሪያ መታጠብ አለበት። በሳሙና፣ ከዚያ ሰም በሚያስለቅቅ ፈሳሽ። ሳይታጠብ ከተፋቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ሰሙን ጭረቱ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣ አዲሱ ጄልኮትም አይዝም። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራዋል።

ስንጥቅ በላዩ ላይ ተለቅልቆ አይደፈንም። ይከፈታል። የተሳለ የቆርቆሮ መክፈቻ ጫፍ ለዚህ ይበቃል። ቀጭኑ ስንጥቅ ወደ ታች የጠበበ ቦይ እስኪሆን ይፋቃል። ጠርዙ በቁጥር 80 ወይም 120 ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ አዲሱ የሚጨብጠው ያገኝ ዘንድ። ጉዳቱ አጥንቱን ከነካ ግን ሥራው ይለወጣል። የቀፎው ውፍረት አንድ ከሆነ ጠርዙ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል እየሳሳ ይፈገፈጋል። 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀፎ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ምንጣፍና ሬዚን ተደራርቦ ጄልኮት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የመኪና ስቱኮ ፈታኝ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በየጋራዡ አለ። ግን በውስጡ ያለው ዱቄት ውሃ ይመጥጣል። ከውሃ መስመር በታች ጨርሶ አይገባም።

የቀለም ማመሳሰል የሙያው ፈተና ነው። ነጭ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ የመታው ነጭ ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያው በኮምፓውንድ ታሽቶ እውነተኛ መልኩ ይወጣል። ከዚያ ማቅለሚያው በጠብታ በጠብታ ይጨመራል። ትንሽ ተቀብቶ ሲደርቅ ይታያል፣ እርጥቡና ደረቁ አይመሳሰሉምና። በኮምፒዩተር የሚያመሳስሉ አሉ። ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ግን በደመና ቀን፣ በጥላ ቆሞ የሚሠራውን ማሽኑ እስካሁን አላሸነፈውም ብል ወገናዊነቴ ይታወቅብኝ።

ጄልኮቱ በሲሊካ ዱቄት ይወፍራል፣ ቁልቁል እንዳይፈስ። ማጠንከሪያው ኤም ኢ ኬ ፒ ይባላል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃዋል፤ ለ100 ግራም ጄልኮት 1 እስከ 2 ግራም። ለትንሽ ሥራ በሲሪንጅ መለካት ነው የሚሻለው፣ በግምት አይሆንም። ካነሰ ለዘላለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከበዛም አይጠቅምም፣ ይሰባበራል፣ መልኩም ይለወጣል። ብርዱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ሌላ ቀን ይሠራ። ከተቀላቀለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው ያለው።

ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሞላል። ከዚያ ከአየር መሸፈን አለበት፤ ኦክስጅን ላዩን እንዳይጠነክር ይከለክለዋል። ማታ ሠርቶ ጠዋት የሚያጣብቅ ነገር ያገኘ ጀማሪ ማጠንከሪያውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ያልሸፈነው ራሱ ነው። በላዩ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ መለጠፍ ወይም ሰም ያለበት ጄልኮት መጠቀም መፍትሔው ነው።

በማግስቱ ፍተጋው ይመጣል። በውሃ እየረጠበ፣ በእንጨት ቁራጭ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት። ከ320 ይጀመርና 400፣ 600፣ 800፣ 1000 እያለ ይወጣል። በጣት ብቻ ከተፈተገ ጎድጓዳ ይሠራል። ዙሪያው ያለው አሮጌ ጄልኮት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይኖረው ስለሚችል እጅ ይቀልላል። መጨረሻ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽ፣ ሰም።

ስለ ደኅንነት ዝም ማለት አይቻልም። ኤም ኢ ኬ ፒ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ እያጠቡ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ኮባልት ከሚባለው ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። ከጄልኮትና ከፖሊስተር ሬዚን የሚወጣውን ስቲሪን የተባለ ትነት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ከተገመቱት ተርታ መድቦታል። የጨርቅ ማስክ ለአቧራው እንኳ አይበቃም፣ ለትነቱ ደግሞ ምንም ነው።

ኤፖክሲ ወይስ ፖሊስተር

ኤፖክሲ ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው። ከፖሊስተር በላይ ይጣበቃል፣ ውሃም ያነሰ ያሳልፋል። ይህ አያከራክርም። ጭቅጭቁ በኤፖክሲ ላይ ጄልኮት ይይዛል ወይ የሚለው ነው። አንዳንድ የኤፖክሲ አምራቾች በደንብ ከጠነከረና ከተፈተገ ይይዛል ይላሉ። ብዙ የጀልባ ጠጋኞች እሺ አይሉም። ለላይ ላዩ ጥገና ፖሊስተር በፖሊስተር ላይ ነው የሚያምረው፣ ጀልባው የተወለደበት ነገር እሱ ነውና። ለተሰበረ አጥንት ኤፖክሲ የመረጠ ሰው በላዩ ላይ ቀለም ቢቀባ ይሻለዋል።

ጣና ላይ

ባሕር ዳር ላይ ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱት ሞተር ጀልባዎች ከብረትም ከፋይበርም የተሠሩ ናቸው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ከባሕር ዳርቻው ስለሚበረታ ጄልኮት ቶሎ ይፈዛል። ውሃውም ጨው አልባና ለብ ያለ ነው፤ ከላይ ያየነው የመቋጠር ችግር የሚወደው ዓይነት። በሌላ በኩል የአየሩ ሙቀት ለጥገና በጣም ምቹ ነው። በክረምት ጀልባ ሸፍኖ ማሞቂያ የሚያበራ አሜሪካዊ ጠጋኝ ይቀናል። ጠዋት ጥላ ሥር መሥራት ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ጄልኮቱ እቃው ውስጥ ይጠነክራል።

የታንኳ ሰዎች ታንኳቸውን ሲጨርሱ ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ ያቆሙታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ካልደረቀ ይከብዳል። ፋይበርም ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ከውሃ መስመር በታች ጥገና የሚፈልግ ጀልባም ከመፈተጉ በፊት እንደ ታንኳው ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እሱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ወራት።