ሶፍት ሊቶግራፊ ፎቶሊቶግራፊን ይተካል?

ሙሉ በሙሉ አይተካም። ፎቶሊቶግራፊ ጥቃቅን ቅርጾችን በብርሃን የመቅረጽ ዘዴ ነው። ሶፍት ሊቶግራፊ በ1990ዎቹ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን የዳበረ፣ ጥቃቅን ቅርጾችን በሚለጠጥ ሻጋታ የማባዛት ዘዴ ነው። ሻጋታው የሚቀዳበት የመጀመሪያው ቅርጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚያው በፎቶሊቶግራፊ፣ በሲሊከን ላይ ነው። ውዱ ሥራ አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ በቀላል ላብራቶሪ ደጋግሞ መቅዳት ይቻላል።

ሻጋታው ፒዲኤምኤስ የሚባል፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሲሊኮን (ከሲሊከን የተለየ ቁስ) ነው። ፈሳሹ ከማጠንከሪያው ጋር ብዙውን ጊዜ 10 ለ1 ይደባለቃል፣ አየሩ በቫክዩም ይወጣል፣ ቅርጹ ላይ ፈስሶ በሙቀት ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይላጣል። አየር ማስወጣቱን ማንም በችኮላ እንዳያልፈው! ቅጂው ብርሃን የሚያልፍበት ከሆነ፣ በመንገዱ ላይ የቀረች አንዲት አረፋ ብርሃኑን ትበትናለች።

ፒዲኤምኤስ ለሚታይ ብርሃን ግልጽ ስለሆነ ራሱም የሴንሰር አካል መሆን ይችላል፤ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ጥቅጥቅ ያሉ ትይዩ መስመሮች ከተቀረጹበት ብርሃንን በቀለም የሚለያይ ግሬቲንግ ይሆናል። መስመሮቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ወደ ጎን ሲሳብ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ እያንዳንዱ ቀለም የሚወጣበት ማዕዘንም ይጠባል። ማዕዘኑን የለካ፣ ምን ያህል እንደተለጠጠ አወቀ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በሙቀት የጠነከረ ፒዲኤምኤስ ከተላጠ በኋላ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ሊኮማተር ይችላል። 1000 ናኖሜትር ተብሎ የታቀደ ርቀት 985 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ መነሳት ያለበት ከንድፉ ሳይሆን ከተላጠው ቅጂ ልኬት ነው።